ምርመራው ሌላ ብሎ ቢሆን ኖሮ

መድና ወሬውን ይዛ ስትመጣ ፋኢዛ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየገጠመች ነበር። ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ይዛ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። መድና ከጎኗ ሂጃብና ሻሽ ትሸጣለች። ደግ ሴት ናት፤ ደስታን ግን በቀስታ መናገር አታውቅበትም።

«አልሀምዱሊላህ፣ ፋኢዛዬ፣ ነጻ ወጣሽ» አለች አንገቷን አቅፋ። «ሐጂ ረቢአ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ተመርምሮ ታወቀ አሉ። ልጅሽ ላይ አልተኛሽበትም።»

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ የባጃጅ ሹፌር ቀና አለ። ዩኒፎርም የምትጠብቅ እናት ወደ እነሱ ዞረች። የፋኢዛ እግር ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ታዲያ ምን ሆነ አሉ?» ስትል ጠየቀች።

«ወተትሽ ነው አሉ። የዋጥሽው መድኃኒት በጡትሽ አልፎ...»

መድና የምትናገረው ነገር ምን እንደሆነ የገባት እዚህ ላይ ስትደርስ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ፋኢዛ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ኮሌታውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጇን ተኝታበት ገደለችው ሲባል ኖሯል። አሁን ደግሞ አጥብታ ገደለችው ሊባል ነው፤ ያውም በምሥራች ድምፅ። ለዚህ ምርመራ ምራቋን የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ውጤቱን ለእናቱ ነገረ፤ እናቱ ለሰፈሩ ነገሩ፤ ሰፈሩ ደግሞ ይኸው በመድና አፍ ለእሷ አደረሰ። የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ናት። ፊቷ አልተለወጠም። ደረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይነድ ነበር፤ የሚነደውም ሐዘን አልነበረም።

* * *

ፋኢዛ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ማሾና ሽንኩርት ያመርታሉ። የተዳረችው ባቲ ላለ የነጋዴ ቤተሰብ ነበር፤ የወለደችውም እዚያው ነው፣ በኦፕራሲዮን። ልጁ በሰባተኛው ቀን አንዋር ተባለ። ከሆስፒታል የተሰጣት ማስታገሻ አልቆ ቁስሉ ገና ያማት ስለነበር፣ አማቷ ሴት ልጃቸው ከጅዳ የላከችውን ቦርሳ ከፍተው ክኒን አወጡላት። ክፋት አልነበረበትም። ከዓረብ አገር የመጣ መድኃኒት ከአገር ቤቱ ይበልጣል ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሴት ነበሩ፤ በየቤቱም የሚታመነው ይኸው ነው።

ሕመሙ ለቀቃት። ልጁም እንቅልፋም ሆነ። ጡት እንደያዘ ያንቀላፋል፤ አያለቅስም። ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶች እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ማሻአላህ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ ፋኢዛ ከከባድ እንቅልፍ ስትነቃ፣ አንዋርን ባስተኛችው ቦታ፣ ባስተኛችው ጎኑ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው።

አልተኛሁበትም ብላለች። አንድ ጊዜ አይደለም የተናገረችው። አማቷ ግን እንደ ሞተ ሰው ነበር የተኛችው፣ ምን ታውቃለች አሉ። ባሏ ዝም አለ። ነገሩ ሸኹ ዘንድ ቀረበ። ሸኹ አዋቂና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። እናት ተኝታበት መሞቱ በእርግጥ ከታወቀ ከፋራ አለባት፣ ሁለት ወር አከታትላ ትጾማለች፤ ካልታወቀ ግን ምንም የለባትም አሉ፤ ከፋራ ማስተሰረያ ነውና። ከዚህ ሁሉ ንግግር ገበያ የደረሰው ሁለት ወር የሚለው ብቻ ነበር። ፋኢዛም ጾመች። መጾሟን ያየ ሁሉ «ይኸው አመነች» አለ። ጾሟን እንደ ጨረሰች ባሏ ፈታት።

ለምን እንደጾመች የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

* * *

ያ ሰው ኢልያስ ነው፤ የእናቱ የሐጂ ረቢአ የበኩር ልጅ። ቤተሰቡ በእህል ንግድ ከሚሴ ላይ የታወቀ ነው። እሱ ፋርማሲ ተምሮ ተመለሰና ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ፋኢዛን ያወቃት ነጭ ጋዋኑን ሊያስጠብብ በሄደ ቀን ነው። ትከሻውን ስትለካው ሜትሩን እንጂ ጣቷን አላስነካችውም። ቁጥሩን ልታነብ ቀና ስትል ግን ዓይናቸው ተገጣጠመ። ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ለካች። ከዚያ ወዲህ የጋዋኑ ቁልፍ በየሳምንቱ ይረግፍ ጀመር።

«ይሄ ልጅ ቁልፉን በጥርሱ ነው እንዴ የሚቆርጠው?» ትል ነበር መድና፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ።

ሐጂ ረቢአ ነገሩን ሲሰሙ ልጇ ላይ የተኛች ሴት ቤቴን አትረግጥም አሉ። ሽማግሌ ልላክ ቢላቸው ከዚህ ቤት ለእሷ የሚወጣ ሽማግሌ የለም ብለው መለሱለት። ኢልያስ እናቱን አክባሪ ነው። ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ጠበቀ። ለፋኢዛ የሚጽፈው የስልክ መልእክት ሁሉ «ትንሽ ታገሺ» በሚል ያልቅ ነበር። አንድ ቀን «ትዕግሥትን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም» ብላ ጻፈችለት። እሱ ይህን እንደ ፍቅር ቃል አነበበው። ቅሬታም ነበረበት፤ አላየውም።

በዚህ መሃል ፋኢዛ ጥርሷን ተነቀለች። ለሕመሙ የተሰጣትን አንዲት ክኒን ውጣ ተኛችና እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ አልነቃችም። ልትጠይቃት መጥታ አብራት ያደረችው ነፍሰ ጡር ታናሽ እህቷ አሻ ደንግጣ ለኢልያስ ደወለች። ኢልያስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ኮሌጅ የተማረው ነገር ትዝ አለው። አንዳንድ ማስታገሻ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ወደ ሞርፊን የሚለወጠው። የብዙ ሰው ሰውነት በልኩ ይለውጠዋል። ከወላጁ በወረሰው ዘረመል የተነሳ ግን በፍጥነትና በብዛት የሚለውጥ ሰው አለ፤ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ለሌላው ልክ የሆነችው ክኒን ለእሱ ከልክ በላይ ትሆንበታለች። የምታጠባ እናት ከሆነች ደግሞ... ሐሳቡን እዚያ ላይ ገታው።

ከነቃች በኋላ አንድ ምርመራ እንድታደርግ ጠየቃት። አብሮት የተማረው ደረጀ አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። የሚፈልጉት ምራቅ ብቻ ነው አላት፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማሽ፣ ምን ያህል እንደሚበቃሽ ይናገራል። ወደፊት ሐኪም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ልክ።

ፋኢዛ ጉንጯ እንዳበጠ ሳቀች። «እስከ ዛሬ ለከሚሴ ሰው ሁሉ አንድ ቀሚስ ነበር የምታለብሱት በለኛ። እኛ እኮ ሳንለካ አንቆርጥም።»

ምራቋን በትንሿ ብልቃጥ ሰጠችው። ስለ ልጇ አላነሳባትም። ያልተረጋገጠ ነገር ተናግሬ ለምን ቁስሏን እነካለሁ አለ። ይህ ደግነት መሰለው፤ በደግነቱም ደስ አለው።

* * *

ደረጀ የደወለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ውጤቱ ኢልያስ እንደጠረጠረው ሆነ። ስለ ሕፃኑ ሲጠይቀው ግን ደረጀ ቃሉን መዘነ። ምርመራው የእናትየዋን ሰውነት እንጂ ልጁ በምን እንደሞተ አይናገርም አለው። የነገርከኝ ምልክት ይገጥማል፣ ክኒኑ ምን እንደነበር ብናውቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠራ ነበር፤ ከዚህ በላይ ብል ውሸት ይሆናል።

ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ፋኢዛ በረንዳ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ኢልያስ ግን ወደ ቤት ሄደ። ባዶ እጁን ሳይሆን የእናቱን እሺታ ይዞ ሊሄድላት ፈለገ። ሐጂ ረቢአ እስከ መጨረሻው ሰሙትና እንባቸው መጣ። ያ ረቢ፣ የሰው ልጅ ስም እንዲህ ይጠፋል አሉ። ሐሙስ ሽማግሌ ይሄዳል አሉ። ልጁ ገና «እማዬ፣ ይመስላል ነው እንጂ...» እያለ እሳቸው ለጎረቤት ስልክ አንስተው ነበር። ኢልያስ ሊከለክላቸው ይችል ነበር። ሐሙስ የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ይዘፍን ስለነበር አልከለከላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መንገዱን ተሻገረ። መድና ሲመጣ አይታው ሻሾቿን ማጣጠፍ ያዘች፤ ሰላምታውን አልመለሰችም። ፋኢዛ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ፋኢዛ፣ የምሥራች ይዤልሽ...»

«ሰምቻለሁ። የባጃጁ ሹፌርም ሰምቷል።»

የኢልያስ ፈገግታ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምራቄን ስትወስድ የምትመረምረው ልጄን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ለእኔ አልነገርከኝም።»

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

«ለእናትህ ስትነግር ግን ማን ይጎዳል አላልክም።»

ኢልያስ ማስረዳት ጀመረ። እናቱ እንደፈቀዱ፣ ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከእንግዲህ ማንም በሕፃኑ ሞት እንደማያማት ነገራት። ስምሽ ጸዳ አላት።

«ሕፃኑ ስም አለው፤ አንዋር ነው» አለች። «የእኔስ ስም መቼ ነው የቆሸሸው? አልተኛሁበትም ብዬ ነግሬህ ነበር። አምንሻለሁ አልከኝ።»

«አምኜሽ ነበር። ወላሂ፣ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩሽም። ማስረጃው ለእናቴ ነው እንጂ ለእኔ አላስፈለገኝም።»

«ምርመራው ሌላ ብሎ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያለ እናቴ ፈቃድም እመጣ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልመጣህም?»

ኢልያስ ወደ መንገዱ ዞረ። የደሴ ሚኒባስ ረዳት ደሴ፣ ደሴ እያለ አለፈ። ፋኢዛ ድምፅዋን አልጨመረችም። ጨምራ ቢሆን ይቀለው ነበር።

«ለምን እንደጾምኩ ታውቃለህ?» አለች። «አንዋር ከሞተ በኋላ ወተቱ አልቆመም። የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ ቀሚሴ ይርሳል። እቀይራለሁ፣ ደግሞ ይርሳል። ጹሚ ሲሉኝ እሺ ያልኩት ከተራብኩ ይደርቃል ብዬ ነው። ሰው ከፋራ አለው። እኔ ወተቴን ነበር የማደርቀው። ይህን ለእናቴም አልተናገርኩ። አንተ ዛሬ ያንን ወተት ሰፈር ለሰፈር አስወራህብኝ።»

መድና በሻሽ ፊቷን ሸፈነች። ኢልያስ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ አድርጊልኝ ሊላት ነበር፤ ግን ይህም ቢሆን ለራሱ እፎይታ የሚለምነው ነገር እንደሆነ ገባውና ተወው።

«እሺ፣ ሐኪም» አለች፣ «እህቴ አሻ ወሯ ገብቷል። እኔ ሰውነት ውስጥ ያለው ነገር እሷ ውስጥም ይኖራል?»

«ሊኖር ይችላል። የአንድ እናትና አባት ልጆች ናችሁ።»

«የጅዳው ክኒን ትራፊ ከዕቃዬ ጋር ከባቲ ተመልሷል። እናቴ ጥሩ መድኃኒት ነው ብላ ለአሻ አራስነት ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋዋለች። አንተ ጠዋት ውጤቱን ስትሰማ ያ ሳጥን ትዝ ባይልህ አልፈርድብህም፤ አታውቀውም። አሻን ግን ታውቃታለህ። ሆዷን አይተሃል። ለእሷ አልደወልክም። የሽማግሌ ቀን ስትቆርጥ ዋልክ።»

«አሁን ደውዪላት።»

«ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ አለችኝ።» ፋኢዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ አጠነከረችው። ቁጣ ሲብስባት ወደ አባቷ ቋንቋ፣ ወደ ኦሮምኛ ትገባለች። «ዱጋ! እውነት! የኔ እውነት ሦስት ዓመት ሙሉ ገዢ አላገኘም። ጋዋንህን ልበስና ሂድ። ክኒኑን ለጋዋኑ ይሰጡታል።»

ያንን ጋዋን በልኩ ያጠበበችለት እሷ ናት። ኢልያስ በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

* * *

ወዲያው በሚኒባስ ወደ ጨፋ ሮቢት ወረደ። ሜዳው ላይ ከብቱ ወደ በረት እየተመለሰ ነበር። የፋኢዛ እናት ነጩን ጋዋን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ የአክብሮት ሰላምታው፣ «አከም ጂርቱ»ው፣ የቤተሰብ ጥየቃው ቀጠለ። የመጣበትን ሲነግራቸው ሳጥኑን ለመክፈት አላመነቱም። ሐኪም ካለ ምን ይባላል አሉና የክኒኑን ማሸጊያ ቅጠል መዳፉ ላይ አኖሩለት። ኢልያስ ገልብጦ አነበበው። ኮዴይን ነበረበት፤ ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ከሚለወጡት ማስታገሻዎች አንዱ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ፋኢዛ ሦስት ዓመት ለምና ያላገኘችውን አመኔታ ለእሱ ጋዋን የሰጡት በቆሙበት ነው።

«እማማ» አለ፣ «ይህን ያወቅሁት እኔ አይደለሁም። የላከችኝ ፋኢዛ ናት። በስልክ የነገረችዎትም ይህንኑ ነው።»

እናትየዋ ሳጥኑን መልሰው ቆለፉ። ጥግ ላይ የነበረችው አሻ ግን ሆዷን ደግፋ ቀና አለች። ሆስፒታል ስትገባ ከማንኛውም ማስታገሻ በፊት የእህቷን ታሪክ እንድትናገር፣ ሰው ያመጣላትን ክኒን እንዳትውጥ፣ ከፈለገች ደግሞ እሷም እንድትመረመርና ውጤቱ የራሷ ብቻ እንደሚሆን አስረዳት።

«እህቴስ የራሷን ውጤት ከሁሉ ቀድማ ሰምታው ነበር?» አለች አሻ።

ኢልያስ አንገቱን ደፋ።

ቤቱ ሲመለስ ለእናቱ ሐሙስ ሽማግሌ እንደማይሄድ ነገራቸው። ሐጂ ረቢአ ተቆጡ። ስሟን ላጸዳሁላት ነው እንዲህ የሚፈረድብኝ አሉ። ኢልያስ እናቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ አሁንም አልተናገረም።

«እማዬ፣ ውጤቱ የእሷ ነበር። ለአንቺ የመንገሩ ጥፋት የእኔ ነው፤ ያንቺ አይደለም። ግን እኔን ያሳደግሽ አንቺ ነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጇ ሞቶባት ስታለቅስ ከማመን ይልቅ ብልቃጥ እስኪናገር ለምን ጠበቅን?» ቀጥሎም ጨመረ። «ብትመርቂኝ ደስ ይለኛል። ባትመርቂኝም ነገ እሄዳለሁ። ይህን ማለት የነበረብኝ ዛሬ አልነበረም።»

ሐጂ ረቢአ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ንዴታቸው አልበረደም። ከንዴታቸው ሥር ግን አንድ ነገር ተነቅንቆ ነበር፤ እሱም ዓይናቸውን ከልጃቸው ዓይን ያሸሸው ነው።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ሳለ ኢልያስ ያለ ጋዋን፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ማንም ብቻውን መንገዱን ተሻገረ። የክኒኑን ቅጠል ስፌት መኪናዋ ላይ አኖረው። ፋኢዛ ገለበጠችው፤ ስሙን አነበበችና ወደ እሱ አየች። አዎ አላት፤ ያ ዓይነት ነው። አንዲት ክኒን እንኳ በዚያ ቤት አልቀረችም፣ አሻም ሰምታለች።

ፋኢዛ ክኒኑን ጨበጠችው። ከዚያም መቀሷን አነሳችና ቅጠሉን ቆራርጣ መሬቱ ላይ ካለው የጨርቅ ቅዳጅ ውስጥ ጣለችው።

ሂድ አላለችውም። ቁጭ በልም አላለችው። እሱም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ሐጂ ረቢአን የሚያውቅ ሁሉ በሚያልፍበት በዚያ በረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አንድ የእህል ነጋዴ ቆም ብሎ አየውና ሰላም ሳይለው ሄደ።

ፋኢዛ ለዩኒፎርሙ የሚሆነውን ሰማያዊ ጨርቅ ስትዘረጋ ጫፉ ከበረንዳው ወርዶ አፈር ሊነካ ሆነ። ወደ እሱ ሳትዞር፣ ቁጣው እንዳለ በሆነ ድምፅ፣

«ያዝ» አለችው። «ቀጥ አድርገህ ያዝ። ከተንሻፈፈ ይበላሻል።»

ኢልያስ ጫፉን በሁለት እጁ ያዘ። ጨርቁ መሃላቸው ተወጠረ። በመቀሷ እንቅስቃሴ ሁሉ ቁጣዋ ወደ እጁ ይመጣ ነበር፤ እሷ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ አለመልቀቁ ይሰማት ነበር።